የወለላ ብድርና ሦስቱ አጎቶቿ

በአንድ ወቅት፣ ሰው በአባቱ ስም መታመኑ ቀርቶ በባንክ ደብተሩ መመዘን በጀመረበት ዘመን፣ እታገኘሁ የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት ነበረች። በርበሬ እየደለዘች፣ ሽሮ እያስፈጨች ለየቤቱ ትሸጣለች። ያለቻት ልጅ አንዲት ወለላ ናት። ወለላ ገና አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው፤ ራቅ ካለ ከተማ ያለ አንድ ኮሌጅ አዋላጅነት እንድትማር ተቀበላት። እናቷ ይህን ስትሰማ መሬት ሳመች። ቀጥሎ ክፍያውን ሰማችና እዚያው መሬት ላይ ቁጭ አለች።

በከተማው ለተማሪ የሚያበድር ባንክ ነበረ። እናትና ልጅ ነጠላቸውን አጣፍተው ሄዱ። የብድር ክፍሏ ወጣት ነገሩን ቀስ ብላ አስረዳቻቸው። ልጅቱ ዕድሜዋ ስላልደረሰ ሒሳቡን አብሮ የሚከፍትና የሚፈርም ትልቅ ሰው ያስፈልጋታል። ሒሳቡ ደግሞ ባዶውን ተቀምጦ ብድር አያመጣም፤ ለወራት ገንዘብ ሲገባና ሲወጣበት መታየት አለበት። በመጨረሻም ደመወዙን የሚያስይዝ ዋስ ይፈለጋል። እታገኘሁ ፈራሚዋማ እኔ ነኝ ብላ ጣቷን አሻራ በሚያነሳው መሣሪያ ላይ አሳረፈች። መሣሪያው ዝም አለ። አሥሩንም ጣት ሞከሩ፤ የበርበሬው ሥራ አሻራዋን ልጦ ጨርሶታል። ወጣቷ ራሷ አፈረች። "እማማ፣ አንድ ዘመድ ይዘው ይምጡ" አለቻት።

ዘመድስ ነበራቸው። የሟቹ ባሏ ወንድሞች ሦስት ናቸው። ሲቀበር ደረት መትተው አልቅሰዋል፤ ከዚያ ወዲያ ለዓመት በዓል ካልሆነ ደጇን አልረገጡም። እታገኘሁ ግን ለልጇ ብላ በየቤታቸው ሄደች። ሦስቱም እሺ አሏት። እሺታው እንዲያ መቅለሉ ገረማት እንጂ አልከፋትም፤ ወደ ቤቷ ስትመለስ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ቆማ አመሰገነች።

ታላቅየው ደርበው ቆርቆሮና ሚስማር ይነግዳል። ሒሳቡን ማንቀሳቀሱን ለኔ ተይው አላት፤ እንዳለውም አደረገ። የሱቁ ሽያጭ ጠዋት በወለላ ስም ይገባል፣ ማታ ይወጣል። የባንኳ ወጣት ልጅቱ ነጋዴ ናት እንዴ እስክትል ድረስ ሒሳቡ ሞቀ። ለእታገኘሁ ነገሩ የተገለጠላት ዘግይቶ ነው። ደርበው ሽያጩን ከግብር ሰብሳቢ የሚሸሽግበት ጉድጓድ ሲፈልግ ኖሮ የሙት ልጅ ስም አገኘ። ነገ ቢያዝ የምትጠየቀው ማን ናት? ሄዳ ብትነግረው ሚስማሩን ከሚዛን ሳያወርድ ሳቀ።

"እታገኝ፣ ውሃ ቢያልፍበት ቦይ ምን ይጎዳል? ይረጥባል እንጂ።"

"ውሃው የምን እንደሆነ ነው እንጂ፣ ጋሼ" አለችው።

ቤቷ እንደገባች እጇን በሳሙና ታጠበች። የነካችው ግን የሰላምታውን እጅ ብቻ ነበር።

መካከለኛው ልሳነወርቅ የውሃ ጽሕፈት ቤት ሠራተኛ ነው። ደመወዙን አስይዞ ዋስ ሆነ። ይህ ቀልድ አይደለም፤ ልጅቱ ሳትከፍል ብትቀር የሚቆረጠው የእሱ እንጀራ ነው። ለራሱ ጣሪያ ማደሻ ሊበደር ሲጠይቅም ደመወዝህ ተይዟል ተብሎ ተመለሰ፤ ሚስቱ ክረምቱን በየጥጉ ባልዲ ስትደቅን ከረመች። አፉ ግን አፍ አልነበረም። ዋስ መሆኑን በጸጉር ቤት ተናገረ፣ በዕድር ስብሰባ ተናገረ፣ ቅዳሴ ሲወጣ የምእመኑን ነጠላ እየያዘ ተናገረ። አንድ ቀን ጎረቤት ሞቶ፣ ሬሳው እንኳ ከቤት ሳይወጣ፣ ድንኳን ውስጥ ውሃ የምታድለውን ወለላን ጠርቶ ከሰው ፊት አቆማት።

"ይቺ ናት" አለ። "ዞር በይ እስቲ፣ ይዩሽ።"

ልጅቱ ጆጉን እንደያዘች ዞረች። ጉልበቱን ወደ ፊት ገፋ አደረገላትና ሳመች። የሟች ሚስት ልቅሶዋን አቋርጣ አየቻት። እታገኘሁ ከሴቶቹ መሐል ተነሥታ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ወጣች። ለሟቹ ያለቀሰች መስሏቸው "አይዞሽ" ያሏትም ነበሩ።

ትንሹ በሪሁን ልብስ ሰፊ ነው። ሒሳቡን ከልጅቱ ጋር የከፈተውና የሚፈርመው እሱ ነው። ባንክ በጠራው ቁጥር ደንበኛ አስቀምጦ ይሄዳል። ሳንቲም አልነካም፤ ይህን ጠላቱም ይመሰክርለታል። የሒሳቡ መልእክት ሁሉ የሚገባው በእሱ ስልክ ነው። አንድ ጊዜ ከባንክ ነን የሚሉ አጭበርባሪዎች ደውለው ወለላን የሚስጥር ቁጥሯን አናዘዟት። እናቷ ለመመዝገቢያ ያጠራቀመችው ገንዘብ መውጣት ሲጀምር በሪሁን መልእክቱን አየ፤ መቀሱን ጥሎ እየሮጠ ባንክ ገብቶ አሳገደው። ያን ቀን እታገኘሁ እግሩ ላይ ልትወድቅ ምንም አልቀራት።

በሪሁን ግን ማየት ለመደ። የልጅቱን የደብተር፣ የታክሲ፣ የሻይ ወጪ አንድ ባንድ ይጠይቃል። እሺ፣ ይጠይቅ። አንድ እሑድ ወንድማማቾቹ ከነጎረቤቶቻቸው፣ እናትና ልጅም ጭምር፣ ማዕድ ቀርበው ሳሉ ስልኩን አውጥቶ ወለላን፣

"ሰኞ ከመድኃኒት ቤት የገዛሽው ምንድን ነው?" አላት።

ወለላ አቀረቀረች።

"ባለፈውም ወር ከዚያው ነው። በየወሩ ነው እንዴ?"

ከወንዶቹ አንዱ በአፍንጫው ሳቀ፣ ሌላው ተቀበለው። እታገኘሁ ያነሣችውን ጉርሻ መልሳ አስቀመጠች።

"በሪሁን፣ የእናት ልጅ አይደለህም?"

"እኔ ፈራሚ ነኝ፣ እታለም" አላት፣ ምን እንዳጠፋ ጨርሶ ሳይገባው። "አደራ ነው።"

ክረምቱ ወጣና ብድሩ ተፈቀደ። ምዝገባ ሊዘጋ ሲል ባንኩ ጠራቸው። ወጣቷ እንዲህ አለች፦ ካሁን በኋላ አንድ ኃላፊ ይመዘገባል። ለኮሌጁም ለልጅቱም የሚወጣው ገንዘብ ሁሉ በእሱ ቃል ነው የሚወጣው፤ መልእክቱም ለእሱ ነው የሚሄደው፤ ልጅቱ አሥራ ስምንት እስኪሞላት ድረስ። ሁለት ሰው አይሆንም። ዛሬ ስም ካልተሰጠ ብድሩ ለሌላ ተማሪ ያልፋል።

ሦስቱም ተላጭተው፣ ኮት ለብሰው ነበር የመጡት። ደርበው፣ የእኔ ገንዘብ ባይመላለስበት ያ ሒሳብ ሬሳ ነበር አለ። ልሳነወርቅ፣ ጣሪያዬ እያፈሰሰ ያስያዝኩት ደመወዝ ነው አለ። በሪሁን፣ ሌባው ሲደውል የት ነበራችሁ አላቸው። ተሰዳደቡ። ደንበኞቹ ዞረው ሲያዩዋቸው አፈሩና፣ እናትየው ትጥራ፣ የጠራችውን እንቀበላለን ተባባሉ። ይህንንም እንደ ችሮታ ነበር ያሉት።

እታገኘሁ ከዚህ በፊት ለነፍስ አባቷ ሁሉን ነግራቸው ነበር። "ልጄ፣ የሚሰጥን እጅ ሳሚው እንጂ አታሽችው" አሏት። እሷም በልቧ ሳላሸተው ነው የሸተተኝ፣ አባ፣ ብላለች።

ወለላ የእናቷን ክንድ ይዛ ወደ በሩ ሳበቻት።

"እማዬ፣ ይቅርብኝ። አብሬሽ በርበሬ ልደልዝ።"

"መማሩ ያንቺ ነው" አለቻት። "መጠየፉን ለኔ ተዪልኝ።"

ተመልሳም ጠረጴዛው ፊት ቆመች። ወጣቷ ቀና ብላ ትጠብቃታለች። ሦስቱ ወንድማማቾች ዳኛ ፊት እንደቀረበ ሰው ተደርድረዋል፤ አንዳቸውም ወለላን አያዩም።

እንግዲህ ይህን የሰማችሁ እናቶች፣ ይህን የሰማችሁ አባቶች፣ ፍርዱ ወደ እናንተ መጥቷል። አንደኛው መንገዱን ከፍቶላት ስሟን አቆሸሸ። አንደኛው የቤቱን ጣሪያ ለእሷ ሰጥቶ ክብሯን በድንኳን ሸጠ። አንደኛው ገንዘቧን እንደ ዓይኑ ብሌን ጠብቆ ገመናዋን ማዕድ ላይ ዘረገፈ። ከሦስቱ አንዱ ካልተጠራ ልጅቱ ትቀራለች፤ የተጠራው ደግሞ አሥራ ስምንት እስኪሞላት በእጁ ያደርጋታል። እናንተ እታገኘሁን ብትሆኑ፣ ያቺን ልጅ ለማን አደራ ትሰጡ ነበር?