ባዶ ከረጢት ያሸተተው ጅብ

አንድ ጊዜ ማሽተት የተሳነው ጅብ ነበር። ሚስቱ ሞታበት ሁለት ልጆቹን ብቻውን ያሳድጋል። በነሐሴ ብርድ ጉንፋን ያዘው፤ ጉንፋኑ ሲለቀው ሽታንም ይዞበት ሄደ። ጅቡ ለማንም አልተናገረም። መሳቂያ ከመሆን ዝም ማለት ይሻላል ብሎ አሰበ።

አንድ ቀን ከመንደር ዳር የተጣለ የበሬ እግር አገኘ። ገበሬዎች ሥጋውን መርዝ ቀብተውታል። የመርዙን መራራ ሽታ ማንኛውም ጅብ ከሩቅ ያውቀዋል። እሱ ግን ተሸክሞ ወደ ዋሻው ወሰደው። ወንዱ ልጁ ቀድሞ በላ፤ ፀሐይ ሳትጠልቅም ሞተ። ሴቷ ተኝታ ስለነበር ተረፈች።

ከዚያ በኋላ ጅቡ ያገኘውን ሥጋ ሁሉ ይፈራ ጀመር። ልጁን አቅፎ እየተራበ ሳለ ቀበሮ መጣች።

«አያ ጅቦ፣ ሐዘንህ ሐዘኔ ነው» አለች። «ግን አፍንጫህ እንደማይሠራ አውቄያለሁ።»

«ማን ነገረሽ?»

«ትናንት ነፋሱ ከእኔ ወደ አንተ እየነፈሰ ከኋላህ ሦስት እርምጃ ድረስ ቀረብኩህ። ዞር እንኳ አላልክም። ግድ የለህም፣ ለማንም አልናገርም። ከዛሬ ጀምሮ አፍንጫህ እኔ ነኝ። አሸትልሃለሁ፤ ደህናውን ትበላለህ፣ መርዛሙን ትተዋለህ።»

ጅቡ አመሰገናት። ቀበሮ ጮማ ሥጋ ባሸተተች ቁጥር «መርዝ ነው፣ ሽሽ» ትላለች። አጥንትና ጅማት ስታሸት «ይኼ ደህና ነው፣ ልጅህን አብላት» ትላለች። ጅቡ ዞር ሲል ተመልሳ ጮማውን ትበላለች። ወር ሳይሞላ ቀበሮ ወፈረች፤ የጅቡ ልጅ ግን የጎድን አጥንቷ ይቆጠር ጀመር።

«እመት ቀበሮ፣ እኛ ስንከሳ አንቺ እንዴት ወፈርሽ?» አላት ጅቡ።

«ሐሳብ ነው፣ አያ ጅቦ። እኔ ሳስብ እወፍራለሁ።»

ጅቡ አመናት።

በሸለቆው ጅረት ዳር አንድ የቅመም ነጋዴ በየገበያው ቀን አህያውን ጭኖ ያልፋል። ከዛፍ ሥር ሲያርፍ ጭነቷን ያወርድላታል። አንድ ቀን ጅቡ ከልጁ ጋር ውሃ ሊጠጣ ወረደ። አህያዋ ከማዶ፣ ከቁጥቋጦ ጀርባ ቆማለች። ነፋሱ ከእሷ ወደ እሱ ይነፍሳል። ጅቡ ግን ቀና እንኳ አላለም።

አህያዋ ጅረቱን አየች። ሞልቷል፤ ጅብ አይሻገረውም። ከቁጥቋጦው ወጣች።

«አያ ጅቦ፣ አፍንጫህን ምን ነካው?»

ጅቡ ክው አለ። «ደህና ነው። ሽታሽ ከጠዋት ጀምሮ ሲሸተኝ ነው የዋለው።»

አህያዋ ከጭነቱ ነጭ ሽንኩርት አውጥታ ድንጋይ ላይ አኖረች። «ይኼ ምንድን ነው?»

«ነጭ ሽንኩርት» አለ፣ አፍጥጦ እያየ።

«አሁን ዓይንህን ጨፍን። ይኼስ?»

ጅቡ በረጅሙ ሳበና «ሥጋ» አለ።

«ዓይንህን ግለጥ።»

ድንጋዩ ላይ ያለው ባዶ ከረጢት ነው። ጅቡ አየ። ልጁም አየች። ጅቡ አንገቱን ደፋ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለች አህያዋ።

«ከጉንፋኑ።»

አህያዋ የበርበሬውን ከረጢት በሰኮናዋ መታ መታ አደረገች። ብናኙ በነፋስ ተሻገረ። ጅቡ ሦስት ጊዜ አነጠሰ። «ሸተተኝ» አለ በደስታ።

«አልሸተተህም፤ አቃጠለህ። በርበሬ ማሽተት የማይችለውንም ያቃጥላል። ነገር ግን አየር ይገባል ማለት ነው። መንገዱ ክፍት ነው፤ የጠፋው መንገደኛው ነው።»

«በምን አወቅሽ?»

«አምና እኔም ከጉንፋን በኋላ ጠፍቶብኝ ነበር። የሻገተ ገለባ በልቼ ልሞት ደረስኩ። የምሸከመውን በየቀኑ እያሸተትኩ ነው የመለስኩት።» ነጭ ሽንኩርት፣ ጤና አዳምና ኮረሪማ በእግሯ እየመታች ወደ እሱ ማዶ ወረወረችለት። «ጠዋትና ማታ፣ ዓይንህን ጨፍነህ፣ አንድ በአንድ አሽት። ባይሸትህም ሽታው ምን እንደነበር አስታውስ። አራተኛውን ራስህ አምጣ፤ አሳምረህ የምታውቀው ሽታ ይሁን።»

«መቼ ይመለሳል?»

«ወራት ይፈጃል። ለአንዳንዱ ሙሉ በሙሉ አይመለስም። አንተ ግን አሽት።»

ጅቡ አሰበ። «አፍንጫዬ ከዳነ አንቺንም አሸትሻለሁ እኮ። ለምን ትረጂኛለሽ?»

«የማያሸት ጅብ በጆሮው ነው የሚያድነው፤ አህያ ደግሞ ትጮኻለች። የሚያሸት ጅብ ግን ገደል የገባ ጥንብ ፍለጋ ይሄዳል። የምረዳው ራሴን ነው።»

ጅቡ ይህን ለመረዳት ሦስት ቀን ፈጀበት።

በመጀመሪያው ቀን ነጭ ሽንኩርቱን በላው። አህያዋ በሚቀጥለው ገበያ ሌላ ሰጠችውና «ይሸተታል እንጂ አይበላም» አለችው። ለአራተኛው ሽታ የሞተው ልጁ ከመርዙ በፊት ሲግጠው የነበረውን አሮጌ አጥንት መረጠ። ጠዋትና ማታ ዓይኑን ይጨፍናል፤ ሴቷ ልጁ እያፈራረቀች ታቀርብለታለች።

«አባዬ፣ ይኼስ?»

«ምንም።»

«ይኼስ?»

«ምንም።»

«ሥጋ» ማለቱን ትቶ «ምንም» ማለትን ተማረ። መስከረም አለፈ፤ ጥቅምትም ኅዳርም አለፉ። ጥምቀት ሲቃረብ አንድ ጠዋት ልጁ «ይኼስ?» አለችው። ጅቡ ሳበ። እንደገና ሳበ።

«የወንድምሽ አጥንት» አለ።

ተነሥቶ የሞተው ልጁ ይተኛበት ወደነበረው ጥግ ሄደና ረጅም ጊዜ አሸተተ። የሸተተው አፈር ብቻ ነበር። ከዚያ ተመለሰና የሴቷን ልጁን ራስ አሸተተ። «አንቺ አለሽ» አለ።

ለቀበሮ ምንም አልነገራትም።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ከመንደሩ ዳር አንድ ሙሉ በሬ ተጥሎ ተገኘ። ቀበሮ ልማድ ሆኖባት አፍንጫዋን እንኳ አላስጠጋችም። «መርዝ ነው፣ ሽሽ» አለች ከሩቅ።

ጅቡ ተጠጋ። ምራቁ ይዝረበረባል። ሆዱ ጮማውን ብላ ብላ አለው። አፍንጫው ግን ከጮማው ሥር ያንን መራራ ሽታ አገኘው። ልጁን በጥርሱ ይዞ ወደ ኋላ ጎተታት።

«እውነትሽን ነው፣ እመት ቀበሮ። መርዝ አለበት። አፍንጫዬ ተመልሷል። አንቺም እንዳትበዪ።»

ቀበሮ ሳቀች። «አስፈራርተህ ለብቻህ ልትበላ? ይህን ብልሃት ያስተማርኩህ እኔው ነኝ።»

«አሽቺው እንጂ።»

«ሳላሸት አውቀዋለሁ» ብላ ከሰባው ጀመረች።

ጅቡ ሁለተኛ አልለመናትም። ልጁን አስከትሎ በነፋሱ የመጣውን ሌላ ሽታ ተከተለ፤ ገደል ገብቶ የሞተ በቅሎ አገኙና እስኪጠግቡ በሉ። ቀበሮ ወደ ጉድጓዷ አልተመለሰችም።

በገበያው ቀን ጅቡ ወደ ጅረቱ ወረደ። አህያዋ ከማዶ ነበረች።

«ዓይንህን ጨፍን» አለችው። «ምን ይሸትሃል?»

«አንቺ» አለ ጅቡ።

«እንግዲያው ድነሃል» አለችና ወደ ጌታዋ ዱላ ጠጋ ብላ ቆመች።

ከዚህ የምንማረው፣ ጉድለቱን የሚደብቅ ለአታላይ ሲሳይ እንደሚሆን፣ መዳንም «ምንም አይሸተኝም» ብሎ እውነቱን ከመናገር እንደሚጀምር ነው።