ከተበላው ጫፍ የተጀመረ ልኬት

በ1985 ዓ.ም. ሐምሌ ወር፣ እኔ የአርባ ሦስት ዓመት ሰው ሳለሁ፣ አንድ ሽማግሌ ጊታር ታቅፈው ወደ እንጨት ሥራ ቤቴ ገቡ። ጊታሩ ጭን ላይ አጋድመው፣ በብረት ዘንግ ክሩን እየዳበሱ የሚጫወቱት ዓይነት ነበር። ከክሮቹ ሥር የሚውለውን፣ መስመር የተቀረጸበትን ሰሌዳ ምስጥ በልቶት ተነቅሏል።

«ልጄ፣ ሌላ ሰሌዳ ሥራልኝ» አሉኝ። «ጆሮዬ ከድቶኛል። አሁን የምጫወተው በዓይኔ ነው። ብረቱን ከመስመሩ ላይ ካዋልሁት ዜማው ልክ እንደሆነ አምናለሁ።»

እኚህ ሰው በሆሳዕና ከተማ በምትገኘው ትንሽ ጉባኤያችን ሠላሳ ዓመት መዝሙር ያጀቡ አባባ ኤርሲዶ ነበሩ። ባለቤታቸው እማማ ላቀች በጽኑ ታመው ተኝተዋል።

«ከእኔ በፊት ከሄደች፣ በምትወደው መዝሙር እኔው ራሴ እሸኛታለሁ ብዬ ቃል ገብቼላታለሁ» አሉኝ።

ወገኖቼ፣ እናንተ ብትሆኑ ምን ያህል ትጠነቀቁ ነበር?

እኔም የተጠነቀቅሁ መስሎኝ ነበር። አሮጌውን ሰሌዳ በወይራ እንጨት ላይ አጋድሜ፣ እያንዳንዱን መስመር በስለት ገለበጥሁ። ነገር ግን የአሮጌው ሰሌዳ ጫፍ፣ ክሮቹ በሚነሡበት በኩል፣ ግማሽ ጣት ያህል በምስጥ ተበልቶ ነበር። እኔ ከተበላው ጫፍ ጀመርሁ። በታች በኩል ግማሽ ጣት ክፍተት ሲተርፍ፣ ለምን ተረፈ ብዬ አልጠየቅሁም፤ በነጭ አጥንት ደፈንሁት። ጌጥ ሆነ። የገባ የወጣው ሁሉ አጥንቱን አደነቀ።

ርቀቶቹ ሁሉ ልክ ነበሩ። መነሻው ስህተት ነበር፤ መስመሮቹ ሁሉ ከቦታቸው ግማሽ ጣት ወደ ላይ ሸሽተዋል።

ከዘማሪዎቹ አንዷ፣ ሙሉነሽ የምትባል፣ ጊታሩን ልትወስድ መጣች። ብረቱን በመስመሩ ላይ አድርጋ ክሩን መታችና ፊቷን አጨማደደች።

«ጋሼ ሄራሞ፣ ይሄ ነገር ይጎድላል።»

«የጎደለው ያንቺ ጆሮ ነው!» አልኋት። በቤቱ የነበሩት ሳቁ።

«እንግዲያውስ ጆሮዬን በመላጊያ ይላጉልኝ!» አለችና ጊታሩን ሳትወስድ ወጣች።

ሁሉም ሲሄዱ እኔም መታሁት። እውነቷን ነበር። ነገር ግን ኮላው ደርቋል፤ ሰሌዳውን ማላቀቅ ያን የተደነቀ አጥንት መስበር ነው። ተውሁት። በማግስቱ ጊታሩን ራሴ አደረስሁ።

እማማ ላቀች በጳጉሜን አረፉ። አባባ ኤርሲዶ ከመቃብሩ ዳር በርጩማ ላይ ተቀምጠው፣ ዓይናቸውን ከመስመሮቹ ሳይነቅሉ ተጫወቱ። ብረቱ አንድም መስመር አልሳተም። ድምፁ ግን ሁሉ ወርዶ፣ ጎምዝዞ ወጣ። ዘማሪዎቹ ሊከተሏቸው ሞከሩ፤ አቃታቸው፤ ዝም አሉ። ከኋላ አንድ ሰው «ኧረ ሽማግሌውን አሳርፏቸው!» አለ።

እርሳቸው አልሰሙም። ቀና ሲሉ ግን ፊታችንን አዩ። እጃቸውን ከክሩ አነሡና ወደ እኔ ዞሩ።

«ልጄ፣ ሰሌዳው ልክ ነው?»

ሕዝቡ ሁሉ ይመለከተኝ ነበር። ድምፄን ከፍ አድርጌ «ልክ ነው፣ አባባ» አልሁ።

«እንግዲያው የጠፋሁት እኔ ነኛ» አሉ።

መዝሙሩ አልተፈጸመም። ከዚያ ቀን ወዲህ ጊታሩን አልነኩም። በሁለተኛው ዓመት አረፉ። ለልቅሶ ቤታቸው ስገባ ጊታሩ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ነበር፤ አጥንቱ ያበራል።

እናንተ የምትሰሙኝ፣ ይህን የአናጺ ነገር ብቻ አታድርጉት። ልጁን በተሳሳተ መስመር አሳድጎ ሲያበቃ «ልጄ ጠፋ» የሚል አባት ከመካከላችሁ የለምን? በእናንተ ጥፋት ዛሬ ራሱን የሚወቅስ ሰው የለምን? እያወቃችሁ ጥፋቱን የደፈናችሁበት ነጭ አጥንት፣ ሰው ያደነቀላችሁ ጌጥ፣ የለምን?

ያ ሰው በሕይወት ካለ ሂዱ። ዛሬ ሂዱ። እኔን ይጠይቀኝ የነበረው የአንድ ቀን ሥራ ነበር፤ ኮላውን አሙቆ ማላቀቅ፣ ሰሌዳውን ግማሽ ጣት መግፋት። ከዚያም በኋላ አንድ ቃል ነበር የቀረኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ ቤታቸው ከቤቴ አንድ መንገድ ተሻግሮ ነበር፤ አልተሻገርሁም። አሁን የምሄድበት ደጅ የለኝም።

ዘመኑ ርቋል፤ እኔም አርጅቻለሁ። ወሩን፣ ስሙን ወይም የመስመሩን ነገር ተሳስቼ ከሆነ፣ የምታውቁ አርሙኝ። በዚያ ቀን ከመቃብሩ ዳር ቆሞ፣ ሄራሞ የመለሰው ሌላ ቃል ነው የሚል ካለም፣ እባካችሁ፣ እርሱንም አርሙኝ።