ቀስ ብሎ የሚዞረው ኮከብ

አንዲት ሴት ነበረች፤ ሥራዋ ኮከብ መምረጥ ነው። አትሣቁ፣ ደመወዝ ይከፈላታል።

ፕላኔት የሚፈልጉ ተመራማሪዎች የትኞቹን ከዋክብት ይመልከቱ? ቀዝቀዝ ያሉትን፣ ቀስ ብለው የሚዞሩትን መርጣ ትሰጣቸዋለች። ያን ቀን ዝርዝሩ እስከ ስድስት ሰዓት መላክ ነበረበት። አንድ ቦታ ቀርቷታል፤ አለቃዋ ደግሞ አንድ ደማቅ ኮከብ ካላስገባሽ ብሎ በስልክ ወጥሮ ይዟታል።

አብረዋት የሚኖሩት አባቷ፣ ጡረተኛው ሾፌር አቶ ደጀኔ፣ ከጎኗ ተቀምጠዋል።

«ደማቁ ምን አደረገሽ?» አሏት።

«ይፈጥናል፣ አባዬ። ፕላኔት ኮከቧን ትንሽ ትጎትታለች፤ ያቺን ጉተታ ነው ከብርሃኑ የምናነበው። ኮከቡ በጣም ከተሽከረከረ ግን ብርሃኑ ላይ ያለው ምልክት እርጥብ ቀለም እንደነኩት ይሆናል።»

«እና የሚጎትተው የለም ማለት ነው?»

«ይኖራል። አይታይም እንጂ።»

ብርጭቋቸውን ሊያነሡ ሞክረው፣ «ይኼ ቀኝ እጄ ግን ዛሬም ዕቃ አልይዝ አለኝ» አሏት።

«እሺ አባዬ፣ ይቺን ልላክና።»

አለቃዋን እምቢ ብላ ቀርፋፋውን ኮከብ መረጠች። ልክ ነበረች። ላከችና ዞር ስትል የአባቷ ብርጭቆ ተሰብሯል፤ አፋቸውም ወደ አንድ ጎን ሄዷል።

ሆስፒታል ሐኪሟ ጠየቀች፤ «መቼ ጀመራቸው? የምንሰጠው መድኃኒት በጀመራቸው ሰዓት ይወሰናል፤ ከዘገየ ይጎዳል።»

አርባ ኮከብ በስንት በስንት ቀን እንደሚዞር በቃሏ የምታውቀው ሴት ወደ አባቷ ዞረች።

«አሁን ነው... ገና አሁን» አሉ አባትየው በተሳሰረ አንደበት። ልጃቸውን ሊሸፍኑላት ነው።

ሐኪሟ ልትጽፍ ስትል ሴትየዋ እጇን ያዘቻት። «ሦስት ቀኑ ነው። በየቀኑ ነግሮኝ ነበር።»

አቶ ደጀኔ ተረፉ፤ እጃቸው ግን አልዳነም። አሁን የምታጎርሳቸው እሷ ናት፤ ቀስ ብላ።

ወገኖቼ፣ እናንተስ እንዴት ነው የምትዞሩት? ከጉባኤ ወደ ኮሚቴ፣ ከኮሚቴ ወደ መዘምራን ልምምድ፣ ከልምምድ ወደ ስልክ። ደማቆች ናችሁ። እግዚአብሔር አይናገረኝም ትላላችሁ። በመብረቅ መስሏችኋል የሚናገረው? በትንሽ ነው የሚጎትተን፤ አጠገባችን በተቀመጠ ሰው ድምፅ።

ዛሬ ጠዋት በር ላይ ቆሞ አንድ ነገር የጀመረላችሁ ሰው የለም? «እሺ፣ ስመለስ» አላላችሁትም? ምን ነበር ሊላችሁ የፈለገው?

ይህን ስብከት ሳዘጋጅ ባለቤቴ ሁለት ጊዜ ጠርታኛለች። ለምን እንደሆነ እስካሁን አላውቅም።

እንነሣ። የዛሬው ጸሎት አጭር ነው።