ዛቢያው ቤትህ አለ

አንድ መጥረቢያ ሠሪ ነበረ። ስሙን ተይው፤ ስሙን ብነግርሽ ዘመዶቹ ገና በሕይወት ስላሉ ይጣሉኛል።

ቁጭ በይ ብርዛፍ፣ ጥያቄሽን አልረሳሁም። ትናንት ወይዘሮ ድንቅነሽ ስልክ መሸጫሽ ውስጥ የጮኹትን ጩኸት እኔም እዚሁ በረንዳዬ ላይ ሆኜ ሰምቼዋለሁ። አጥሩን አልፎ ገብቶ የጎረቤቴን ዶሮ ያለ ቀኗ እንቁላል አስጥሏታል። ሴትዮዋ ጅማ የተወለደችላቸውን የልጅ ልጅ በስልክ ሊያዩ ብለው አዲስ ስልክ ከአንቺ ገዙ፤ ቤት ወስደው ካርቶኑን ቢከፍቱ ስልክ አለ፣ ገመድ አለ፣ ማንም የማያነበው ወረቀት አለ፣ ቻርጀር ግን የለም። ተመልሰው ሲመጡ «ቤትዎ አለ እኮ፣ ቻርጀር የሌለው ቤት የት አለ?» አልሻቸው። እሳቸውም «እድር ላይ አነሳዋለሁ! ሰፈሩ ሁሉ ይወቅሽ!» ብለው ወጡ። አሁን አንቺ ስምሽ ሊጠፋ ነው ብለሽ እንቅልፍ አጥተሽ መጥተሻል። «ጋሽ ጥላዬ፣ ካርቶኑን ያሸገው ፋብሪካው ነው፤ ለምድር ብለን ነው፣ ቆሻሻ እንዳይበዛ ነው ይላሉ። ታዲያ ያለ ቻርጀር መሸጥ ነውር ነው? ጥፋቱስ የኔ ነው?» ነው ያልሽኝ። ደግሞም ከመምጣትሽ በፊት ደጋግመሽ ብትደውይ ስልኬ ዝግ ነው አልሽ። እሱን እንደርስበታለን።

እንግዲህ አንድ መጥረቢያ ሠሪ ነበረ። አባቱም መጥረቢያ ሠሪ ነበር። አባትየው የሠራው መጥረቢያ እንዲህ ያለ ስለት ነበረው፦ ዛፉ ገና ከሩቅ ሲያየው ራሱ ጋደም ይላል። አንቺ የከተማ ልጅ ስለሆንሽ ልንገርሽ፣ ዛቢያ የምንለው መጥረቢያው የሚያዝበትን እንጨት ነው። አባትየው መጥረቢያ ሲሸጥ ከነዛቢያው ነበር፤ ዛቢያውም ከመንደሩ በላይ ካለው ኮረብታ ከሚቆረጥ ወይራ ነበር።

የወይራ ዛቢያ ደግሞ አይሞትም። ብረቱ በሞረድ እየተበላ እንደ ጥፍር ሲያንስ ዛቢያው ገና ጎረምሳ ነው። ስለዚህ ሰው አዲስ መጥረቢያ በገዛ ቁጥር አሮጌው ዛቢያ ቤት ይቀራል። በዚያ መንደር ዛቢያ ያልተጋደመበት ቤት አልነበረም። አንዱ ኮርቻ ይሰቅልበታል። አንዷ ገንፎ ታገነፋበታለች። አንዱ ደግሞ አማቱ በመጣች ቁጥር በሩን ከውስጥ ይደግፍበታል።

አባትየው አርፎ ልጁ ሥራውን ሲረከብ፣ አንድ ቀን ቀና ብሎ ኮረብታውን አየ። ወይራው ተመናምኗል። ወደ መንደሩ ዞሮ አየ፤ ዛቢያ በየቤቱ ተቆልሏል። በገበያ ቀን ድንጋይ ላይ ቆመና፣

«ወገኖቼ፣ ዛቢያው ቤታችሁ አለ። ከእንግዲህ ብረቱን ብቻ ልሽጥላችሁ፣ ወይራውም ይረፍ» አለ።

እውነቱን ነው። ሳጋንን እንጂ ስዋሽ አይተሽኝ አታውቂም፤ ሰውዬው ያን ቀን የተናገረው እውነት ነው። ሰዉም መረቀው። ወይራዎቹ እንኳ ያን ቀን ያለ ነፋስ ተወዛወዙ ይባላል። ያለው እኔ ነኝ፣ ግን ይባላል። ዋጋው ብቻ ዛቢያ መቀነሱን ማንም የነገረው አይመስልም፤ እንደ ድሮው ተገትሮ ቆመ። ሰው ግን መልካም ነገር ሲሰማ ዋጋ አይጠይቅም፣ ይህንንም አለፉት።

ችግሩ የመጣው በሚቀጥለው በጋ ነው። መጥረቢያ ሠሪው የብረቱን ቀዳዳ ለወጠው። የአባቱ ቀዳዳ ክብ ነበር፤ የእሱ ሦስት ማዕዘን ሆነ። «ለምን?» ሲሉት «ብረቱ ይጠነክራል» አለ። ምናልባት ይጠነክር ይሆናል። ግን በዚያው ሰሞን በሱቁ ጥግ ጫፋቸው ሦስት ማዕዘን የሆኑ ዛቢያዎች ተደርድረው ታዩ። ለሽያጭ ነው። ከየት ተቆረጡ? ከዚያው ከኮረብታው።

ሰው ይመጣና ብረት ይገዛል።

«ዛቢያስ?»

«ዛቢያው ቤትህ አለ።»

«አይገባም እኮ!»

«እንግዲያው እዚያ ጥግ ያለውን ውሰድ።»

በዚህ ዓይነት አሮጌው ዛቢያ ቤት ይጋደማል፣ አዲሱም ይገዛል፣ ኮረብታውም እንደ እኔ አናት ተላጨ። አናቴን አትዪው፣ ተረቱን ስሚ።

በዚያ መንደር አንድ ገበሬ ነበረ፤ ዝምተኛ ሰው። ቃል ሲያወጣ ጎረቤት ተጠራርቶ ይሰበሰባል፣ እንዲህ ያለ ዝምተኛ። እሱም ብረቱን ገዛና ዛቢያ ላለመግዛት አሮጌውን ክብ ዛቢያ በሦስት ጎን ጠረበው፤ የላላውን በጨርቅ ጠቀጠቀው። እንጨት ሊፈልጥ አንድ ጊዜ ቢሰነዝር ብረቱ ከዛቢያው ወልቆ በረረ። ኮረብታውን ተሻገረ፣ ወንዙን ተሻገረ፣ ማዶ መንደር ሽንኩርት የምትከትፍ ሴት ዘንድ ደርሶ የቀረውን ከተፈላት።

እሺ፣ እዚያ አልደረሰም። ግን ለገበሬው ውሃ ይዛ ትመጣ የነበረችውን ሚስቱን ለጥቂት ነው የሳታት። እንስራው ተሰብሮ እሷ ቆማ ቀረች። ይህን አላጋነንኩም።

ገበሬው ብረቱን ይዞ ወደ ሠሪው ሄደ። ሠሪው ከሥራው ቀና እንኳ ሳይል፣

«ዛቢያው ቤትህ አለ ብዬህ ነበር። በደንብ አልጠረብከውም» አለው።

«ቤቴ ገብተህ አይተህ ታውቃለህ?» አለ ገበሬው።

ሠሪው ሳቀ። ገበሬው አልሳቀም፤ ወደ ቤቱ ተመለሰ።

ግንቦት መጨረሻ ላይ ነፋስ መጣ። ምን ዓይነት ነፋስ? የውሻ ጩኸት ወስዶ በሌላ ወረዳ የሚያስጮህ ነፋስ። የመጥረቢያ ሠሪውን የሥራ ቤት ጣራ እንደ ባርኔጣ አነሳና ለሰማይ እጅ ነሳበት። ጣራው ከነእንጨቱ ተሰባበረ። ሰማዩ ጠቁሯል። ክረምቱ ያለ ጣራ ከያዘው ምድጃው ኩሬ ይሆናል፣ ከሰሉ ይርሳል፣ የወናፉ ቆዳ ይበሰብሳል፣ የደከመበት ብረት ሁሉ ይዝጋል። ሰውዬው መተዳደሪያው ያ የሥራ ቤት ብቻ ነው። እንጀራው ማለት ነው።

ደቦ ጠራ። በደቦ ደንብ ጠሪው ያበላል፣ ያጠጣል፤ የተጠራው ጉልበቱንና መሣሪያውን ይዞ ይመጣል። ሠሪው በግ አረደ፣ ሚስቱ ጠላ ጠመቀች፤ ጎህ ሲቀድ በር ላይ ቆሞ መንገድ መንገዱን ያይ ጀመር።

የመንደሩ ወንድ አንድም ሳይቀር መጣ። ደስ አለው። ቀረብ ሲሉ ግን እያንዳንዱ ሰው በመዳፉ የያዘው ብረት ብቻ ነው። አንድ በአንድ እፊቱ መሬት ላይ አስቀመጡና፣ ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው ተቀመጡ። ጠላውን መቅዳት ጀመሩ።

«ምነው ጎበዝ? ዛቢያውስ?» አለ ሠሪው።

ዝምተኛው ገበሬ ጠላውን ጎንጨት አለና፣

«ዛቢያው ቤትህ አለ ብለን ነው» አለ።

ሳቁ ከነፋሱ የባሰ ነበር። የቀረ ጣራ ቢኖር ኖሮ እሱም ይሄድ ነበር። መጥረቢያ ሠሪው ግን ሞኝ አይደለም፤ ሮጦ ገባና ለሽያጭ ያስቀመጣቸውን ዛቢያዎች በሸክም ይዞ ወጣ።

«ይኸው! በነጻ ነው፣ ውሰዱ!»

ገበሬው አንዱን ብረት አንስቶ አሳየው። «ይህ የአባትህ ሥራ ነው። ቀዳዳው ክብ ነው።»

ሠሪው አንዱን ዛቢያ ሞከረ፤ አልገባም። ሌላውን ሞከረ፤ አልገባም። ያመጡት ሁሉ ገና ተበልቶ ያላለቀ የአባቱ ብረት ነበር። ሰማዩ አጉረመረመ። አንዲት የዝናብ ጠብታ መጥታ አፍንጫው ላይ አረፈች፤ የጠላ ጣሳ ታህላለች። መኖሪያ ቤቱ ገብቶ ጓዳውን አገላበጠ፣ ከአልጋ ሥር ፈለገ። ክብ ጫፍ ያለው ዛቢያ በእሱ ቤት አንድ እንኳ አልነበረም። ወደ ጎረቤት ሮጠ። ጎረቤቲቱ በዛቢያ ገንፎዋን እያገነፋች ነበር።

«እባክሽ እሱን አንዴ አውሺኝ!»

«አንተ ቤት የለም እንዴ? ሁሉም ቤት አለ ያልከን አንተ አይደለህም?» አለችና ማገንፋቷን ቀጠለች።

ባዶ እጁን ተመለሰ። ሰዎቹ መሐል መሬት ላይ ቁጭ አለ። ቀስ ብሎ፣

«የለኝም» አለ።

«አልሰማንም፣ ነጎድጓዱ» አለ ገበሬው።

«ቤቴ ዛቢያ የለም! ቤቴ የለም!» ብሎ ጮኸ።

ያኔ ገበሬው ተነሳ። ከጋቢው ሥር አንድ ክብ ጫፍ ያለው የወይራ ዛቢያ መዘዘና ብረቱን ሰካበት፤ ልክክ አለ። ሌሎቹም ተነሱ፤ ከየጋቢው ሥር ዛቢያ ወጣ። ያን ቀን የወጣውን ዛቢያ ብታዪ የተላጨው ኮረብታ ተነስቶ የመጣ ይመስልሽ ነበር። እየሳቁ፣ እየዘፈኑ፣ ሠሪውን በየመሐሉ «ዛቢያው ቤትህ አለ!» እያሉ እየነቆሩ ጣራውን ሠሩ። ዝናቡም ጨዋ ነበር፤ የመጨረሻዋ ሣር እስክትታሰር ጥግ ይዞ ጠበቀ፣ ከዚያ ወረደ። አንዲት ጠብታ ወደ ውስጥ አልገባችም።

ከዚያ በኋላ ሰውዬው ምን አደረገ? ብረትና ዛቢያ አንድ ላይ መሸጥ ጀመረ ብለሽ ከሆነ አልጀመረም። ብረቱን ለብቻው መሸጡን ቀጠለ፤ ወይራውም አገገመ። ግን ቀዳዳውን እንደ አባቱ ክብ አደረገው። ሰው ሲመጣም «ዛቢያው ቤትህ አለ» ማለቱን ትቶ «ዛቢያ ቤትህ አለ ወይ?» ይል ጀመር። አለኝ ያለው ብረቱን ብቻ በብረቱ ዋጋ ይወስዳል። የለኝም ያለው ከነዛቢያው ይወስዳል። መጀመሪያ ከነዛቢያው የወሰደችው የገበሬው ሚስት ናት። ለእንስራዋ ካሳ ነው ብላ አልከፈለችም፣ እሱም አልጠየቀም።

አየሽ ብርዛፍ፣ ያለ ቻርጀር መሸጥ ነውር አይደለም። አንቺ ቤት እንኳ አሮጌ ቻርጀር ተጠላልፎ መሳቢያሽ አልዘጋ ብሏል፣ ምድርም ቆሻሻ በዝቶባታል፣ ይህ እውነት ነው። ነውሩ በሰው ቤት ያለውን ሳይጠይቁ መቁጠር ነው። ወይዘሮ ድንቅነሽ ቤት ቻርጀር አለ፤ ያ የአሮጌው ባለ ቁልፍ ስልካቸው ቻርጀር። የአዲሱ ስልክ ገመድ እዚያ ውስጥ አይገባም። ሦስት ማዕዘን ማለት ይኸው ነው። አንቺ ግን ቤታቸው ሳትገቢ ስለ ቤታቸው መለስሽላቸው። ሴትዮዋ የጮኹት ለቻርጀር መሰለሽ? የልጅ ልጃቸው ጅማ ሆና ስታዛጋ ሳያዩ ስልኩ እጃቸው ላይ ስለጠፋ ነው።

«ፋብሪካው ነው እኮ ያሸገው» ልትዪኝ ነው፤ አፍሽ ሲከፈት አይቻለሁ። ፋብሪካው ወይዘሮ ድንቅነሽን አያውቃቸውም፣ አንቺ ታውቂያቸዋለሽ። ፋብሪካው ጣራው ቢነሳ እዚህ መጥቶ ደቦ አይጠራም፣ አንቺ ግን እዚሁ ሰፈር እድርተኛ ነሽ። ፋብሪካው ቀዳዳውን በየዓመቱ ከለዋወጠ ጩኺበት፤ እንዲያውም ወይዘሮ ድንቅነሽን ከጎንሽ አድርገሽ ጩኺ፣ ያ ጉሮሮ ባሕር ይሻገራል። ሱቅሽ ውስጥ ግን ካርቶኑን ከመስጠትሽ በፊት «ቤትዎ ምን ዓይነት ቻርጀር አለ?» ማለት ምላስሽን አይሰብረውም።

እንግዲህ ተነሺ። ከመደርደሪያሽ አንድ የሚገባ ቻርጀር ያዢና ከእድሩ በፊት ቤታቸው ድረሺ። ሕፃኗ ስታዛጋ አብረሽ እይላቸው፤ ማንን ትመስላለች ሲሉሽም እርስዎን በዪ፣ ማንንም ብትመስል።

ቆይ፣ ቆይ፣ አትሩጪ። ሁለት ያዢ። ስልኬ ለምን ዝግ ነው ብለሽኝ አልነበር? ያን ስልክ ለፋሲካ የገዛሁት ከአንቺው ነው። «ጋሽ ጥላዬ፣ ቻርጀር ቤትዎ አለ» አልሽኝ። እኔም ልጅቷ አለ ካለች ይኖራል ብዬ እስከ ዛሬ እየፈለግሁ ነው።