የሃምሳ አለቃ ይርዳው የአየር ጠመንጃ

በዳግማይ ትንሣኤ እሁድ ከሰዓት በኋላ፣ በሃምሳ አለቃ ይርዳው ግቢ ከትልቁ ማንጎ ሥር የነበሩት እነዚህ ናቸው፤ ሃምሳ አለቃ ራሳቸው፣ አንድያ ልጃቸው ትርንጎ፣ የዕድሜ ልክ ጎረቤታቸው ሼህ ኑርዬ፣ ከኮምቦልቻ የመጣው ባንትይርጉ፣ ከእርሱም ጋር ሁለት ዝምተኛ ሽማግሌዎች። አንዲት ባዶ የድልህ ቆርቆሮም ጉቶ ላይ ተቀምጣ ነበር።

በወይራ ውሃ መንደር እናት ልጇን ከጉያዋ አላወጣ ስትል፣ ወይም ባል ሚስቱን እግር በእግር ሲከታተል፣ አንዱ ጣልቃ ገብቶ የሚናገራት አባባል አለች። የዛሬ ልጆች ከጥንት የመጣች ትመስላቸዋለች። መነሻዋ ግን ከዚያች ማንጎ ሥር ነው፤ ሃምሳ አለቃ በግ ሊገዙ ሄደው ጠመንጃ ገዝተው በተመለሱበት ዓመት።

ሃምሳ አለቃ ይርዳው ጡረታ ከወጡ ወዲህ ኑሯቸው ማንጎና ልጃቸው ነበሩ። የትርንጎ እናት ልጇን ወልዳ ብዙም ሳትቆይ ስላረፈች፣ ከጡጦ እስከ ሹሩባ ያሳደጓት እሳቸው ናቸው። ሹሩባውን እንኳ ከሼህ ኑርዬ ሚስት ከዘሃራ ተምረው፣ በዚያ በወታደር ጣታቸው እየጎተቱ ይሠሩላት ነበር። ልጅቱ በሹሩባዋ ቀን ስታለቅስ መንደሩ ይሰማል። የእጃቸውን ጥንካሬ የማያውቅ የለም፤ በር ሲከፍቱ እጀታው ይነቀላል፣ ሰላም ያሉት ሰው ጣቱን እያራገፈ ይሄዳል።

ያን ዓመት ማንጎው መብሰል ሲጀምር ወፍ ወረደበት። ወፍ ደግሞ አንዱን ማንጎ በልቶ አይጨርስም፤ ሁሉንም እየቀመሰ ያበላሻል። ሃምሳ አለቃ በወንጭፍ ሞከሩ፤ ትከሻቸው እምቢ አላቸው። በዚህ መሀል ፋሲካ ደረሰና በግ ሊገዙ ሸዋ ሮቢት ገበያ ወረዱ። በበግ ተራው መግቢያ ላይ ግን ባትሪና ቁልፍ ከሚሸጥ አንድ ነጋዴ ፊት እግራቸው ቆመ። ሸራው ላይ አንድ ረዥም ነገር ተጋድሟል።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«የአየር ጠመንጃ ነው ጋሼ። ባሩድ የሚባል አያውቅም። አፈሙዙን እንዲህ ወደ ታች ሰብረው ሲያጥፉት ውስጡ ያለው ሞላ ይጨመቃል። ቃታውን ሲስቡ ሞላው ይለቀቅና አየሩን ይገፋዋል፤ አየሩ ደግሞ ይቺን።» የምስር ፍሬ የምታክል እርሳስ በመዳፉ አሳያቸው። «ለወፍ የተፈጠረ ነው። ዋጋውም ከበግ ያንሳል።»

ሃምሳ አለቃ አነሡት። መሣሪያቸውን ካስረከቡ ጀምሮ ከእጃቸው የጎደለው ነገር ተመልሶ የመጣ መሰላቸው።

«ታዲያ ጋሼ፣ አያያዙ እንደ ሌላው ጠመንጃ አይደለም፤ ባለ ሞላ ስለሆነ…»

«ለማን ነው የምትነግረው?» ብለው አቋረጡት። «እኔ ጠመንጃ ስይዝ አባትህ ገና ሚስት አላገባም።»

ነጋዴው ሳቀና በጆንያ ጠቀለለላቸው።

ቤት ሲደርሱ ትርንጎ የበግ ማሰሪያ ገመድ ይዛ በር ላይ ትጠብቃቸው ነበር።

«አባዬ፣ በጉስ?»

«ይኸውልሽ።»

ትርንጎ ጆንያውን ፈትታ ጠመንጃውን አገላብጣ አየች። «እና ይሄ ቆዳው ይገፈፋል ወይስ እንዲሁ ነው የሚቀቀለው?»

«ቀልጂ አንቺ! ወፉን ካባረርኩልሽ በኋላ የዘንድሮ ማንጎ ስንት በግ እንደሚገዛ ታያለሽ።»

«እሺ፣ እስከዚያ ገመዱን ልስቀለው።»

ያን ፋሲካ ዶሮ ብቻ በሉ።

በማግስቱ ሃምሳ አለቃ ባዶ የድልህ ቆርቆሮ ጉቶ ላይ አቆሙ። ከጉቶው ኋላ የአፈር ቁልል አለ፤ ሰውንም ከብቱንም ከዚያ አካባቢ አስለቅቀው፣ ተንበርክከው ተኮሱ። ጠመንጃዋ ጧ አለች። ቆርቆሮዋ ንቅንቅ አላለችም። ደገሙ፤ አሁንም ያው። ሞላው በተለቀቀ ቁጥር ጠመንጃዋ ወደ ኋላም ወደ ፊትም እያለች በእጃቸው ውስጥ እንደ ተያዘ ዓሣ ትፈራገጣለች። እሳቸው ደግሞ መሣሪያ እንዲፈራገጥባቸው አይወዱም። አጥብቀው ጨበጧት፣ ሰደፏን ትከሻቸው ላይ ቸነከሯት፣ ጥርሳቸውን ነከሱ። ባጠበቁባት መጠን እየባሰች ሄደች።

መጀመሪያ ነፋሱን ወቀሱ። ቀጥሎ ቆርቆሮዋን በሌላ ቆርቆሮ ለወጡ። ወፎቹ አንድ ቀን ያህል ፈርተው ነበር፤ ከዚያ በኋላ ግን ከሃምሳ አለቃ ራስ በላይ ካለው ቅርንጫፍ ላይ ተደርድረው ይመለከቷቸው ጀመር። «ሃምሳ አለቃ ሲተኩሱ መሸሸጊያው ከቆርቆሮዋ ፊት ነው» እያለ መንደሩ ተሳለቀ። ሼህ ኑርዬ በአጥሩ ላይ አንገታቸውን ብቅ አድርገው፣

«ይርዳው፣ ዛሬስ የትኛውን ደመና መታህ?» ይላሉ።

«ሼሁ፣ ወደ ሰላትዎ ይሂዱ!»

ቅዳሜ ዕለት ሃምሳ አለቃ ፍርዳቸውን ሰጡ። «አፈሙዟ ጠማማ ነው። እኔ ያልመታሁባት ጠመንጃ፣ ማንም አይመታባትም።» ብለው ግድግዳ ላይ ሰቀሏት። ትርንጎ ይህን ሰምታ አቀርቅራ ሥራዋን ቀጠለች።

የዚያን ሰሞን ጭንቃቸው ግን ወፍና ጠመንጃ ብቻ አልነበረም። አንዳርጌ የሚባል የኮምቦልቻ ልጅ፣ የውሃ ፓምፕ ጠጋኝ፣ ለመስኖው ሞተር ሲመላለስ ከትርንጎ ጋር ተዋደዋል። ሽማግሌም ልኳል። ሃምሳ አለቃ በመጀመሪያው «ገና ልጅ ናት» ብለው መለሷቸው፤ ልጅ የተባለችው ሃያ አራት ዓመቷ ነበር። በሁለተኛው «ማንጎው ይለቀምና» አሉ። እውነቱን ለማንም አልተናገሩም። እውነቱ፣ ከማሳ ሲመለሱ «አባዬ፣ መጣህ?» የሚል ድምፅ የሌለበትን ቤት ማሰብ አልሆነላቸውም።

በዳግማይ ትንሣኤ ለሦስተኛ ጊዜ መጡ። የአንዳርጌ አጎት ባንትይርጉ ሁለቱን ሽማግሌዎች አስከትሎ፣ ሼህ ኑርዬንም ከደጃቸው ይዞ። በዚያ አገር ክርስቲያን ሲያጭ ሙስሊም፣ ሙስሊም ሲያጭ ክርስቲያን ሽማግሌ መሀል መግባቱ የቆየ ነው።

«ቤት ለእንግዳ፤ ተቀመጡ» አሉ ሃምሳ አለቃ።

«ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አለ ባንትይርጉ፣ ላቡን እየጠረገ። ችኩል ሰው ነው፤ ሲናገርም ሲራመድም የሆነ መኪና የሚያመልጠው ይመስላል። «ሦስተኛችን ነው ሃምሳ አለቃ። እንግዲህ ወይ ይስጡን፣ ወይ ቁርጡን ይንገሩን።»

ቁርጡን መናገር ቀላል አልነበረም። ልጁ ምስጉን ነው፤ ሰበብም አልቆባቸዋል። ዓይናቸው ማምለጫ ሲፈልግ በተከፈተው በር በኩል ግድግዳው ላይ አረፈ። አንድ ሐሳብ መጣላቸው። ያን ጊዜ ብልህ ሐሳብ መሰላቸው።

ገብተው ጠመንጃዋን ይዘው ወጡ። «እኔ ወታደር ነኝ፤ በወታደር ደንብ እንጨርሰው። ያቺ ቆርቆሮ ትታያችኋለች? እዚህ ከቆመው ሰው በዚህች ጠመንጃ የመታት ካለ፣ ልጄን ሰጥቻለሁ፤ ቃሌ ነው። ማንም ካልመታት ግን ለዚህ ነገር ሁለተኛ ደጄን አትረግጡም።»

«ይርዳው!» አሉ ሼህ ኑርዬ ደንግጠው። «ልጅ በቆርቆሮ ይዳኛል እንዴ? አላህን ፍራ እንጂ!»

«ተስማምተናል!» አለ ባንትይርጉ፣ ሼሁ ሳይጨርሱ። የሃምሳ አለቃን መሳት መንገድ ላይ ሰምቷል፤ ጥፋቱም የእጃቸው እንጂ የጠመንጃዋ አልመሰለውም።

ከሁለቱ ዝምተኞች አንዱ ለመጀመሪያ ጊዜ አፉን ከፈተ። «አንተ ሰውዬ፣ ማንን አማክረህ ነው የተስማማኸው?»

ባንትይርጉ ግን ወደ ሃምሳ አለቃ ተራምዶ ነበር። ጠመንጃዋን ልታመልጠው እንደሆነች ሁሉ ጨብጦ ተኮሰ። ከቆርቆሮዋ ርቆ አቧራ ተነሣ። የተቆጣው ሽማግሌ ተቀብሎ ሞከረ፤ እሱ ከፍ አድርጎ ሳተ። ሌላው «ዓይኔ አያይም» አለ። ሼህ ኑርዬ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው፣ «እኔ በዚህ ጨዋታ የለሁበትም» አሉ።

ሃምሳ አለቃ እፎይ አሉ። እፎይታው ግን እንዳሰቡት አልጣፈጣቸውም። የባንትይርጉን የተጨማደደ ፊት ሲያዩ፣ በጠማማ ሚዛን የሸጡ ያህል ተሰማቸው።

«እንግዲህ…» ብለው ጠመንጃዋን ለመቀበል እጃቸውን ሲዘረጉ፣ ትርንጎ የማንጎ ትሪ ይዛ ከቤት ወጥታ ቆማ ነበር። ትሪውን መሬት አስቀመጠች።

«አባዬ፣ እዚህ ከቆመው ሰው ነው ያልከው?»

«አዎ።»

«እኔም ቆሜያለሁ።»

ጠመንጃዋን ተቀብላ አፈሙዙን በጉልበቷ ተደግፋ ሰበረችው፤ እርሳሷን አገባች፤ መልሳ ዘጋችው። እጇ ለነገሩ አዲስ አልነበረም።

«የት ተማርሽው?» አሉ ሃምሳ አለቃ።

«የመስኖ ተራህን ልትጠብቅ ስትሄድ።»

ተንበረከከች። ግራ መዳፏን ክፍት አድርጋ ጠመንጃዋን ላዩ ላይ አስተኛቻት፤ ጣቶቿን አልዘጋችም። ሰደፏን ትከሻዋ ላይ አስጠጋች እንጂ አልጫነችም። ሃምሳ አለቃ «አጥብቀሽ ያዢ፣ ትወድቅብሻለች!» ሊሉ አፋቸውን ከፍተው እንደ ከፈቱ ቀሩ። ያቺን ክፍት መዳፍ ያውቋታል። የራሳቸው መዳፍ ነበረች። ትርንጎ በተወለደች ዕለት ዘሃራ ጨቅላዋን ስታቀብላቸው፣ እንዳትወድቅባቸው ፈርተው ጨብጠው ሊይዟት ሲሉ ጮኻባቸው ነበር፤ «ኧረ አትጨብጣት አንተ ሰውዬ! ከሥር ደግፋት፣ ከሥር!» ያን ጊዜ እጃቸውን ከፍተው ነበር። ልጅቷም በመዳፋቸው ላይ እየተፈራገጠች ተኝታ ነበር፣ ሳትወድቅ።

ጠመንጃዋ ጧ አለች። እንደ ልማዷ ነጠረች፤ ማንም አልታገላትምና ነጥራ በመዳፏ ላይ ተመልሳ ተኛች። ቆርቆሮዋ ከጉቶው ተገልብጣ ወደቀች።

ባንትይርጉ ሊጨበጭብ እጁን ሲያነሣ ሼህ ኑርዬ ያዙት። ሁሉም ሃምሳ አለቃን ተመለከተ።

«ጠማማ አልነበረችም ማለት ነው» አሉ ቀስ ብለው።

«ጤነኛ ናት አባዬ። እጄ ጨብጦ ሊይዛት ስላልቻለ ደገፍኳት እንጂ ሌላ ያደረግኩት ነገር የለም።»

«መሄዱን ይህን ያህል ፈልገሽዋል።»

ትርንጎ መጥታ አጠገባቸው ቆመች። «አንዳርጌን ወድጄዋለሁ፤ አልዋሽህም። ግን ሰበብ ስትፈልግ ማየቱ ነው ያቃተኝ። አንዴ ‘ገና ልጅ ናት’፣ አንዴ ‘ማንጎው ይለቀምና’። ‘ትናፍቂኛለሽ’ ብትለኝ ምን ነበረበት?»

ሽማግሌዎቹ ወደ ማንጎው ቀና ብለው ወፍ የሚያዩ መሰሉ።

«ትናፍቂኛለሽ» አሉ ሃምሳ አለቃ።

«አንተም ትናፍቀኛለህ። ኮምቦልቻ ደግሞ ሰማይ ቤት አይደለም። ማንጎ ሲበስል አንተን አምኜ ወፉን የምተውልህ መሰለህ?»

ሄዳ ቆርቆሮዋን አነሣችና ጉቶው ላይ መልሳ አቆመች። ጠመንጃዋን አጉርሳ ለአባቷ ሰጠቻቸው። «ጣቶችህን ክፈት» አለች። ከፈቱ። «አውራ ጣትህንም።» እሱ ትንሽ ጊዜ ወሰደ፤ ለዓመታት ሲጨብጥ የኖረ ጣት ነው። ተኮሱ። እርሳሷ ቆርቆሮዋን ጠርዟ ላይ ነክታ አሽከረከረቻት።

«ዛሬ ደመናው ተረፈ!» አሉ ሼህ ኑርዬ።

ሃምሳ አለቃ ጠመንጃዋን ግንዱ ላይ አስደግፈው ወደ እንግዶቹ ዞሩ። «በሉ ተቀመጡ» አሉ፤ ሽማግሌዎቹም በዚህኛው ጊዜ ተቀመጡ።

ሰርጉ በጥር ሆነ። ሙሽራዋን የምትወስደው መኪና ልትንቀሳቀስ ስትል፣ ሃምሳ አለቃ በመስኮቱ እጃቸውን አስገብተው የትርንጎን እጅ ያዙ። ሾፌሩ ጠበቀ፤ ሚዜዎቹ ጠበቁ፤ ከኋላ ያሉት መኪኖች ክላክስ ነፉ። እጃቸው አልፈታ አለ። ትርንጎም እጇን አልነጠቀቻቸውም። በመጨረሻ ሼህ ኑርዬ ሕዝቡን ገፋ ገፋ እያደረጉ መጥተው በጆሯቸው አንድ ነገር ተናገሯቸው።

ሃምሳ አለቃ እጃቸውን ከፈቱ። መኪናዋ ሄደች።

ባንትይርጉ ከሩቅ እየሮጠ ደረሰ። «ሼሁ፣ ምን ብለው ነው ያስለቀቋቸው?»

ሼህ ኑርዬ የጓደኛቸውን ክፍት መዳፍ በራሳቸው መዳፍ ከሥር ደግፈው ይዘው፣ የቆመው ሰው ሁሉ እንዲሰማ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው እንዲህ አሉ፦ «የጨበጡት ይስታል፣ የደገፉት ይመታል።»