ለበሽተኛ የተቀመጠ ብርቱካን

አንድ ሰው ነበረ፤ ጓሮው ሙሉ ብርቱካን ነው፣ እሱ ግን አይቀምስም። ስለ ፍራፍሬ የጠየቅሽኝን ዘልዬው አይደለም አስካለ፣ ስሚኝ።

ሰውዬው ብርቱካንን የሚያውቀው የታመመ መጠየቂያ አድርጎ ነው። ጎረቤት ሲተኛ በዘንቢል ሞልቶ ይሄዳል። ሚስቱ ልጣ ስታቀርብለት ግን ፊቱ ይለዋወጣል። «ምን ሆንኩ ብለሽ ነው? ታሟርቺብኛለሽ እንዴ?» ይላታል። የተረፈው የልጆች ነው፤ ትልቅ ሰው ተቀምጦ ፍራፍሬ ሲልጥ ማየት ያሳፍረዋል። እንዲህ ያለ ግትር ሰው ያናድደኛል፣ በአገራችን ግን ሞልቷል።

ይህ ሰው የተከበረው ዘር በመቁጠር ነበር። ሁለት ሰዎች ሊጋቡ ሲሉ እስከ ሰባት ቤት ቆጥሮ ዝምድና እንደሌላቸው የሚያረጋግጠው እሱ ነው። እሱ ካልቆጠረ ልጅ አይሰጥም፤ ሌላ የሚያውቅ ሰውም አልነበረም።

አረጀ። የልጅ ልጁ የምትወደው ጎረምሳ ሽማግሌ ላከባት። ልጅቱ ከመጋረጃው ጀርባ ቆማ ትሰማለች። ሰውዬው ከራሱ ጀመረ፤ አባቱን ጠራ፣ አያቱን ጠራ፣ ቆመ። እንደገና ጀመረ፣ እዚያው ቆመ። ሽማግሌዎቹ አንገታቸውን ደፉ። ላብ አጠመቀው። መታመሙ ገባውና ድንገት ሚስቱን ብርቱካን እንድታመጣ አዘዛት። አንዱን ሳይውጥ ሌላውን እየላጠ፣ ውሃው በጺሙ ላይ እየወረደ በላ። አፉን ጠርጎ እንደገና መቁጠር ጀመረ። አሁን የአባቱም ስም ጠፋበት።

ልጅቱ ወጥታ እጁን ያዘችው። «አባባ፣ ይብቃዎት» አለችው። ሽማግሌዎቹ ሌላ ቀን እንመጣለን ብለው ሄዱ፤ አልተመለሱም።

ብርቱካን ቢበላ ኖሮ አይረሳም ነበር አልልሽም። ሐኪሞችም ፍራፍሬ መብላት ለማስታወስ «ሊረዳ ይችላል» ከማለት አያልፉም፤ የበላም ያልበላም ያረጃል፣ ይረሳልም። ይህ ሰው ግን በዕድሜው ሙሉ ቀስ እያለ መብላት የነበረበትን በአንድ ከሰዓት ሊጨርሰው ፈለገ። አንቺም «ጤነኛ ነኝ፣ ፍራፍሬ ምን ያደርግልኛል? ስታመም እበላው የለም ወይ?» ብለሽ ጠየቅሽኝ። ሰውዬው አንቺ ነሽ። መርሳት እንደ ወባ አንቀጥቅጦ አልጋ ላይ አይጥልም፤ ቀስ ብሎ ነው የሚገባው። የገባብሽ ቀን መታመምሽን የምታውቂ ይመስልሻል?