ዓለቱን ያዳመጠው ሰው

አንድ ሰው ነበረ፤ ሥራው መሬትን ማዳመጥ። «ባሌ ዝም አለኝ፣ ምን ሆንክ ስለው ምንም ይለኛል፣ ዕቃዬን ጠቅልዬ ልምጣ ወይ?» ብለሽ ጠየቅሽኝ አይደል? እንግዲያው የዚህን ሰው ነገር ስሚኝ፣ ልጄ።

ሰውየው የሚሠራው ድንጋይ ከሰል በሚወጣበት ጉድጓድ ውስጥ ነው። የሚቆፈረው ግድግዳ ከጀርባው ምን እንደያዘ ዓይን አያይም። የድሮ ሰዎች ቆፍረው የተዉት ዋሻ ውሃ ሞልቶት ይሆናል፤ ያን ሳያውቅ የሸነቆረ ቆፋሪ አይተርፍም። ስለዚህ ሰውየው ግድግዳው ላይ ትናንሽ ማዳመጫዎች ይተክላል፣ ዓለቱን በመዶሻ ያስመታል፣ ድምፁ ሄዶ ሲመለስ ከነሱ ጋር በተያያዘ የጆሮ ማዳመጫ ይሰማል። ባዶ ቦታ ካገኘ አመላለሱ ሌላ ነው። መቼም እግዚአብሔር ለሰው የሰጠው ጥበብ ያስደንቃል።

አንድ ቀን ቆፋሪዎቹ ቸኮሉ። ማሽኑ እየጮኸ፣ ጋሪው እየተንኳኳ፣ «እየሠራን አዳምጥ» አሉት። አንዱ ቀልደኛ፣ «መሬቷን ልታናዝዛት ነው እንዴ፣ አባ?» አለና አሳቃቸው። መዶሻ የያዘውም መልሱ የሚፈጥን መስሎት ዓለቱን ደጋግሞ ወቀጠው።

ሰውየው ማዳመጫውን ከጆሮው አወረደ።

«የሰማሁት የእናንተን ጫጫታ ነው። ያልሰማሁትን ግድግዳ ደህና ነው አልልም።»

«እና ምን ይሁን?» አለው አለቃቸው።

«አንድ ጊዜ ምቱ፤ ከዚያ ዝም በሉ።»

አለቃው የገዛ ወንድሙን አየው፤ ወደ ግድግዳው መጀመሪያ የሚጠጋው እሱ ነበር። ሄደና ማሽኑን አጠፋ። ሁሉም ባሉበት ቁጭ አሉ፤ ሳል የያዘውም አፉን አፈነ። ዓለቱ አንድ ጊዜ ተመታ።

«በስተግራ ባዶ ነው፤ ውሃ ሳይዝ አይቀርም» አለ ሰውየው።

ሰዎቹን አስወጥተው፣ በቀጭን መሰርሰሪያ ቀስ ብለው ቢበሱት ጥቁር ውሃ እየጮኸ ወጣ። ቀልደኛው አማተበ። ውሃው በዚያች ቀዳዳ ሲፈስ ሰነበተ፤ የአለቃው ወንድምም በሰላም ወደ ቤቱ ገባ።

አየሽ ልጄ፣ ባልሽ ያ ግድግዳ ነው። «ምንም» ስላለሽ ደህና ነው ብለሽ አትለፊው። ግን ደግሞ «ንገረኝ፣ ንገረኝ» እያልሽ አትወቅጪው፤ እንዲያ ስታደርጊ የምትሰሚው የራስሽን ድምፅ ነው። ዕቃሽን ከመጠቅለልሽ በፊት ቴሌቪዥኑን አጥፊ፣ አንድ ጊዜ ጠይቂው፣ ከዚያ አጠገቡ ቁጭ ብለሽ ዝም በይ። የሚወጣው ጥቁር ውሃ ቢሆንም አትደንግጪ፤ በቀጭኑ ሲወጣ ቤት አያፈርስም።